ከፍንዳታው በኋላ ያለው ሰዓት

ኖርሊን ትሬጊር በምዕራብ ቪክቶሪያ በሚገኝ የወርቅ ማዕድን ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ስትጠግን ኖራለች። ሒሳብ የተማረችው በተልእኮ ትምህርት ነው፤ ዲግሪዋን ለመጨረስ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባት።

በማዕድኑ ውስጥ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር አለት ሥር፣ የፊዚክስ ሰዎች አንድ መሣሪያ አስቀምጠዋል። ማንም አይቶት የማያውቀውን ቁስ ይጠብቃል። በአምስት ዓመት ውስጥ ምንም አላገኘም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ለማትቀረው ለኖርሊን፣ ያልታየን ነገር በትዕግሥት መጠበቅ እንግዳ አልነበረም።

በአምስተኛው ዓመት ማስታወቂያ ወጣ፤ የመሣሪያውን ንባብ፣ ማለትም የሚመዘግባቸውን ቁጥሮች፣ በሒሳብ የሚያጠራ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ይፈለጋል። ቦታው አንድ፣ አመልካቹ አምስት። ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ነውና ሌላ ማስታወቂያ እስኪወጣ ልትጠብቅ አትችልም።

ባሏ ክላይቭ ማመልከቻውን አነበበ። "ዶክተር ስትሆኚ ወገቤን ታዪልኛለሽ?"

"ያንተን ወገብ ሒሳብም አይፈታውም።"

ለፈተና ለሁሉም የመሣሪያው የአንድ ዓመት ንባብ ተሰጣቸው፤ ከውጭ የገባበትን ንዝረትና ጫጫታ ለይተው እንዲያወጡ። ኖርሊን ስድስት ሳምንት ለፍታ አሥራ ሁለት ገጽ አስገባች።

በቃለ መጠይቁ ቀን የፊዚክስ ሰዎቹ መሪ ማርጎ ዴላኒ ሻይ ቀዳችላትና ገጽ አራትን ገለጠች።

"ኖርሊን፣ ከጧቱ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያለው ንባብ የት ገባ?"

"አውጥቼዋለሁ።"

"ለምን?"

"አንድ ሰዓት ላይ ድማሚት ይፈነዳል። ጭሱ እስኪወጣ ማንም አይገባም።"

"ሰው አይገባም።"

"አዎ።"

"መሣሪያውስ?"

ኖርሊን አሰበች። "እሱ አይወጣም እንዴ?"

"ስድስት ቶን ነው።"

ኖርሊን ሻይዋን አስቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ሰዓት ለእሷ ከመሬት በታች አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ላይ ሆኖ ሳንድዊች ይበላል። ሳታስበው ከወረቀቱም አጥፍታዋለች።

"እንግዲያው ገጽ አራት ስሕተት ነው" አለች።

"ነው።"

"አምስት ደግሞ በአራት ላይ ነው የቆመው። እስከ አሥራ ሁለት እንዲሁ ነው።" ቦርሳዋን አነሣች። "ሌሎቹ በዚያ ሰዓት ያለውን ንዝረት ምን አሉት?"

"'ምንጩ ያልታወቀ' ብለው አለፉት። እኛም ሁለት ዓመት የምንለው እሱኑ ነው።"

"ምኑ ነው ያልታወቀው? ጭስ የሚያስወጡት ማራገቢያዎች ናቸው እኮ! በዚያ ሰዓት ሁሉም በሙሉ ኃይል ይዞራሉ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ሰባቱንም ጠግኛቸዋለሁ። ሦስተኛው ሚዛኑን ስቷል፤ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። የሚዞርበት ፍጥነት ከታወቀ ንዝረቱን በቀመር ጽፎ መቀነስ ነው።"

ማርጎ ወደ ሰሌዳው ጠቆመቻት። "ጻፊዋ።"

አርባ ደቂቃ ጻፈች። አንድ ቦታ የመቀነስ ምልክት ዘልላ ማርጎ አሳየቻት፤ አረመችው። ከዚያ የተጣለውን ሰዓት መልሰው አስገቡና በቀመሩ አጠሩት። ጫጫታው ከግማሽ በታች ወረደ። ከሥሩ ምንም አልነበረም።

"ምንም የለም" አለች ኖርሊን።

"የለም" አለች ማርጎ ደስ ብሏት። "እንዲህ ጥርት ብሎ ባዶ የሆነ ንባብ አይተን አናውቅም። አሁን የምንጠብቀው ቢመጣ ይታየናል። የዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ወረቀትሽ ሁለት ወር ይፈጃል፤ አንቺ ግን ሰኞ ነይ። ገጽ አራትን እንደ አዲስ ጽፈሽ።"

ኖርሊን አንገቷን ደፍታ በልቧ አመሰገነች። ከዚያ ቀና ብላ እስክሪብቶ ጠየቀች፤ ሰኞ ሩቅ ነበር።