አቶ እምሩና አሥራ ዘጠኙ ፒክ አፕ

አቶ እምሩ በተማሪነታቸው በራሪ ወረቀት ሲያባዙ ዘውዱን የሚጥለው የእሳቸው ቀለም ይመስላቸው ነበር። ዘውዱ ወደቀ፤ ወረቀታቸውን ያነበበው ሰው ግን በጣት ይቆጠራል። እሳቸው የዚያን ዘመን ስብሰባ እስከ ዛሬ አልዘጉትም። በሰባ አራት ዓመታቸው ኦክላንድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ እንግሊዝኛን በአጀንዳና በቃለ ጉባኤ ያስተምራሉ።

የዚያን ዕለት ጠዋት የመጣችው ተማሪ ፋንታዬ ብቻ ነበረች።

«ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» አሉና ሰሌዳው ላይ «ፒክ አፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ጻፉ። «አሥራ ዘጠኝ ትርጉም አለው። አንድም አንዘልም። መዝለል የአድርባይ ሥራ ነው!»

ፋንታዬ ሰዓቷን አየች። በአራት ሰዓት ሳን ሆዜ ኢንተርቪው አላት፤ አረጋውያንን በቫን ወደ መዋያ ማዕከል የማመላለስ ሥራ ነው። ስድስት ወር አመልክታ የጠራት ይህ ብቻ ነው። ችግሩ፣ አቶ እምሩን አላሜዳ ቤታቸው የምታደርሰውም እሷው ናት። ሽማግሌ ጥሎ መሄድ አይሆንላትም፤ ንግግራቸውን ማቋረጥማ ጭራሽ።

ከወለል ማንሳት አለፈ። ሰው ሄዶ መቀበል፣ ስልክ ማንሳት፣ ከሱቅ ወተት ይዞ መምጣት አለፈ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰባተኛው ላይ ደረሱ፤ ጉንፋን መያዝ። ለማስረዳት ሦስት ጊዜ አስነጠሱ።

«ጋሼ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ!» አለች ፋንታዬ እጇን አውጥታ። «ኢንተርቪው አለብኝ። ስብሰባው ወደ መኪናዬ ይዛወርልኝ።»

በሃምሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ደንብ የጠበቀ ሐሳብ ቀርቦላቸው አያውቅም። እዚያው አጸደቁት።

ፍሪዌዩ ላይ ፍጥነት መጨመር የሚለውን ሲያብራሩ ፋንታዬ በእግሯ መለሰችላቸው። ቡና ቤት ገብቶ ሴት መጥበስ የሚለውን «ይህኛው ነውር ነው» አሉና ሩብ ሰዓት ሙሉ አብራሩት።

ማዕከሉ በር ላይ ኃላፊዋ ቆማ ነበር። ፋንታዬ እንደ ወትሮዋ የአቶ እምሩን ቀበቶ ፈትታ፣ ባርኔጣቸውን አቀብላ፣ ክንዳቸውን ይዛ ስታወርዳቸው ኃላፊዋ አየች።

«ደንበኛ ይዛ የመጣች አመልካች አይቼ አላውቅም!» አለች በእንግሊዝኛ፣ ፊቷ ፈክቶ። ጎማ ያለው መደገፊያ ገፋችላቸው። «እንካ ሃኒ፣ ቀስ እያልክ።»

ሃኒ፣ «የኔ ማር»! ስንቱን ሚኒስትር በወረቀት የዘለፈ ሰው! «መምህሯ ነኝ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ፋንታዬን አዩ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ በሞቴ» አለች በአማርኛ፣ ከንፈሯን ሳታላቅቅ።

አቶ እምሩ ወገባቸውን ጎበጥ አደረጉ። በየማለዳው አላሜዳን የሚያካልሉበትን ጤነኛ እግራቸውን እየጎተቱ መደገፊያውን ያዙ።

«ሺ ኢዝ ቬሪ ኬርፉል» አሉ፣ በጣም ጥንቁቅ ናት ለማለት፣ በሰለለ ድምፅ፤ ለማሳመር ትንሽ አሳሉ።

ፋንታዬ ሰኞ ሥራ ጀመረች። እሳቸውንም እዚያው መዝግበዋቸዋልና ማክሰኞ ማክሰኞ የቢንጎ ጨዋታ አለባቸው። መደገፊያውን የሚረሱት ቁጥራቸው ሲወጣ ብቻ ነው።