ጉጠቱ በኤውላልያ እጅ

በሳንታ ክላራ ከተማ፣ በመዳብ ቀጥቃጮች ዘንድ፣ ጉጠት የያዘ ሰው አለቃ ነው። መዳቡን ከእሳት የሚያወጣው፣ በመቀጥቀጫው ብረት በመስፉ ላይ የሚያገላብጠው፣ «በቃ» የሚለው እሱ ነው። ኤውላልያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዶሻ ስታነሳ ኖራለች፤ ጉጠቱ ግን ከታላቅ ወንድሟ ከአንሰልሞ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

ዘንድሮ የአንሰልሞ ዓይን ደከመ። የጋለውን መዳብ ከፍሙ መለየት ሲያቅተው፣ ለቅድስት ክላራ በዓል ሥጋ የሚጠበስበትን ትልቅ ድስት መሥራቱን ከነጉጠቱ ለእህቱ ተወላት።

«ከተሰነጠቀ ግን ጉጠቱ ለኩትቤርቶ ነው» አላት።

ኩትቤርቶ የአጎታቸው ልጅ ነው፤ ክንዱም ምላሱም ብርቱ።

«አይዞሽ እትዬ፣ ከተቀደደ ወንፊት እናደርገዋለን!»

«አንተ ብቻ መዶሻህ እንደ ምላስህ አይሳት!»

ኤውላልያ አማተበችና መዳቡን ፍሙ ውስጥ ከተተችው። ወናፉ ተነፋ። አንሰልሞ በርጩማው ላይ ሆኖ እንደ ልማዱ የወናፉን ትንፋሽ ይቆጥራል።

«ቆዪ፣ ገና ነው።»

እሷ ግን የነበልባሉ ጠርዝ ወደ አረንጓዴ ሲያደላ አየች። የዛሬው የጥድ እንጨት ደረቅ ነው፤ ትንሽ ቢቆይ የመዳቡ ከንፈር ይቀልጣል። ወንድሟን በሥራ ተቃውማው አታውቅም። ዛሬ ግን ጉጠቱን ጨበጠች።

«ደርሷል ጋሼ!» ብላ ሳበችው።

የኩትቤርቶና የሁለት ረዳቶች መዶሻዎች ተራ በተራ ወረዱ። መዳቡ እንደ ሊጥ እሺ አለ፤ መሐሉ ጎደጎደ፣ ዳሩ ተነሣ። ኤውላልያ ጉጠቱን ባዞረች ቁጥር ድስቱ ከእጇ ሥር እየተወለደ መሰላት፤ ደስታው አፏን ሞላው፣ ሳቀች።

«አቁሙ!» ጮኸ አንሰልሞ። «ድምፁ ቀጠነ፤ ጠጥሯል!»

መልኩን ስታይ ድምፁን ረስታው ነበር። አንድ ምት ቢጨመር ይሰነጠቅ ነበር። «ተመስገን» አለችና ወደ እሳቱ መለሰችው። ከዚያ በኋላ እሷ በዓይኗ፣ እሱ በጆሮው ሆነው፣ ስምንት ጊዜ አግለው ስምንት ጊዜ ቀጠቀጡት።

ከሰዓት በኋላ ውሃ ሞሉበት። ኩትቤርቶ ከሥሩ ተንበርክኮ ዳሰሰው፤ ጠብታ የለም። አንሰልሞ የድስቱን ከንፈር በጣቱ ዞረው፣ ደግሞ ዞረው። ከዚያ ወደ እህቱ ቀና ብሎ፦

«ነገ በስንት ሰዓት ነው እሳት የምታነጂው?» ሲል ጠየቃት።

«ከቅዳሴ በኋላ» አለች ኤውላልያ፣ ጉጠቱን በራሷ ወገብ ላይ እየሻጠች። «ኩትቤርቶ ቀድሞ እንጨት ይፍለጥ።»