ያልተፋሁት ወይን

ባለፈው እሑድ ልጃችን ናሆም ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር ወዳለው ቤታችን አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞ መጣ። ምግብ ቤት ውስጥ ተቀጥሮ የወይን ጣዕም መለየት እየተማረ ነው። "ዳድ፣ ይሄ ብሌንድ ነው፤ ከሳውዝ ፍራንስ" አለኝ። ጠርሙሱ ላይ የተቀላቀሉት የወይን ዘሮች ስም ተጽፏል፤ ግሬናሽ፣ ሲራ፣ ሙርቬድር ይላል። ጆሮዬ ጋለ። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ትዳሬን ሁለት ዓመት ያዘገዩት እነሱ ናቸው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የመጋዘኖች ሰፈር፣ አንድ የወይን አስመጪ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እሸከማለሁ። ሥራ ሲኖር ይጠሩኛል፤ ሲጠፋ ስልኬ ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። እጮኛዬ አልማዝ አዲስ አበባ ነበረች። አባቷ "ቋሚ ሥራ ሳይዝ ልጄን ባሕር አላሻግርም" ብለው ቆርጠዋል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን የምለው ያንኑ ነው።

አለቃዬ ዴቭ የተበላሸ ወይን ያለበትን ካርቶን በማሽተት ብቻ ለይቼ ሳወጣ አይቶ፣ "ቀማሽ እፈልጋለሁ። ማክሰኞ ፈተና አለ፤ ካለፍክ ቋሚ ነህ" አለኝ። "ግን ትቀምሳለህ እንጂ አትጠጣም። እንዳትሰክር ባልዲ ውስጥ ትተፋለህ።" ቀላል መሰለኝ።

ያልጠበቅኩት፣ ወይኑን ያመረቱት ሽማግሌ ራሳቸው ከፈረንሳይ መምጣታቸውን ነው። ከካርቶን ክምር ጋር አጣብቀው ጥግ አስቀመጡኝ፤ በግራዬ ዴቭ፣ በቀኜ ሽማግሌው፣ ከፊቴ ጠረጴዛ። ሽማግሌው በተሰነጣጠቀ እጃቸው ቀዱልኝ። የሮን ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያለው እርሻቸው ክብ ድንጋይ የሞላበት እንደሆነ፣ ድንጋዩ የቀኑን ፀሐይ ይዞ ማታ ወይኑን እንደሚያሞቀው፣ የሰሜኑ ነፋስ ቅርንጫፍ እንደሚሰብር አጫወቱኝ። "ግሬናሽ ጣፋጭነቱን ይሰጣል፤ ሲራ ቀለሙንና የቁንዶ በርበሬ ሽታውን። ሙርቬድር ወገቡን ያቆምለታል። ግሬናሹን የተከለው አባቴ ነው" አሉ። ከዚያ አፍ አፌን ያዩኝ ጀመር።

አባት ተክሎት ልጅ የቀዳውን፣ ዓይናቸው እያየ ባልዲ ውስጥ ልትፋ? እኛ ቤት ሽማግሌ ያቀመሰህን መትፋት ከስድብ ይብሳል። ዋጥኩት። ዴቭ በክርኑ ጎሰም አድርጎ "ትፋው" አለኝ በሹክሹክታ። በሁለተኛው ብርጭቆ ባልዲውን እስከ አገጬ አነሳሁት፤ ሽማግሌው ፈገግ ብለው ያዩኛል። ዋጥኩ። ሁዳዴ ስለነበር ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ደግሞ አይብ ብቻ ነው። በወይን ጾም ገዳፊ ሆኜ አረፍኩት። ሰባተኛው ብርጭቆ ላይ ሽማግሌው ያወሩለት ነፋስ መጋዘኑ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ልውጣ ብዬ ብነሳ ከካርቶኑ ክምር ጋር ተጋጭቼ ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

በመጨረሻ ሙርቬድር የሌለበትን ብርጭቆ ለይ ተባልኩ። ምላሴ ደንዝዟል። በግምት አንዱን ጠቆምኩ፤ ተሳሳትኩ። ቦታው ለሌላ ተሰጠ፣ እኔም ወደ ካርቶኔ ተመለስኩ። ለአልማዝ "አልተሳካም" ብቻ አልኳት። ሰክሬ ወደቅኩ ብዬ እንዴት ልንገራት? ቋሚ ሥራ እስካገኝ ሁለት ዓመት ጠበቀችኝ። ከተጋባንም በኋላ አፍሬ ዝም አልኩ።

እሑድ ዕለት ናሆም ለእናቱ ቀዳላትና መትፊያ ብሎ ባዶ ኩባያ አጠገቧ አስቀመጠ። "ማሚ፣ ቴስት አድርጊና ስፒት አድርጊው። ኖርማል ነው።" አልማዝ ወይኑን በአፏ እንደያዘች ኩባያውን አየች፣ ልጇን አየች፣ ዋጠችው።

"አንተ የቀዳህልኝን ፊትህ እንዴት እተፋዋለሁ?" አለችው።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት።

"ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ነው።"

"ለአባትህ ቅዳለት" አለችው ናሆምን። "ኩባያውን አንሳው፤ እሱ አይተፋም።"

ያን ማክሰኞ ከተወሸቅኩበት ጥግ የወጣሁት ገና ባለፈው እሑድ ይመስለኛል።