ካልሲ ውስጥ የላክሁት ክኒን

የመጀመሪያው ምልክት የሽንቱ ቀለም ነበር። በጉዟችን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ ብሩክ ከድንኳኑ ጀርባ ሆኖ ጠራኝ። ሄጄ አየሁት። የጠቆረ ሻይ ይመስላል። «ውሃ ስላልጠጣሁ ነው» አለኝ። እኔም አመንኩት፤ ማመኑ ይቀል ነበር።

ሁለታችንም ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ የካዚኖ ሆቴል ነው የምንሠራው፤ እሱ ኩሽና፣ እኔ የክፍል ጽዳት። በፈረንጆቹ 2020 በኮቪድ ምክንያት ሆቴሉ ሲዘጋ ቤት ዋልን። ብሩክ ዓለት በገመድ መውጣት የተማረው ያኔ ከሥራ ባልደረባው ነው፤ እኔም ከታች ሆኜ ገመዱን መያዝ ተማርኩ። ክረምቱ ሲገባ ተወው፤ ሶፋውን ያዘ። በ2021 ሚያዝያ ላይ ወደ ሥራ ተመለሱ ሲሉን፣ ሺፍት ሳንጀምር አንድ ሳምንት እንረፍ ብለን ድንኳንና ገመድ ጭነን ወደ ጎረቤት ግዛት ወደ ዩታ ነዳን።

ብሩክ ሳይወጣ የከረመውን የወራት ዓለት ሁሉ በሁለት ቀን ሊወጣው ፈለገ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ ከታች «ይበቃል፣ ውረድ» እላለሁ፣ እሱ «አንዴ ብቻ» ይላል። ሸክም እንዳይበዛብን ብለን ውሃ የያዝነው በቁጠባ ነበር። በዚህ ጅልነት ሁለታችንም እኩል ነን።

ክንዱን ማንሳት ሲያቅተው ዲክሎፌናክ ሰጠሁት። እህቱ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ የምትልክልን የሕመም ማስታገሻ ነው። ወገብም ያመመው፣ ጥርስም ያመመው እሱን ነው የሚውጠው። ቤታችን ውስጥ እንደ ጨው ምንጊዜም ስለማይጠፋ መድኃኒት ነው ብለን አስበን አናውቅም።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ክንዶቹ አብጠው ደነደኑ። አስመለሰው። መኪናውን እኔ ነዳሁ። ላስ ቬጋስ ሆስፒታል አደረስኩት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሙቀታችንን ለኩ። እሱን አስገቡት። እኔን መለሱኝ። በኮቪድ ምክንያት ጠያቂ አይገባም።

የያዘችው ሐኪም በስልክ አስረዳችኝ። «ራብዶማዮሊሲስ ይባላል። ከአቅሙ በላይ የሠራው ጡንቻ እየፈረሰ ደሙ ውስጥ ገብቷል፤ ኩላሊቱ እሱን ማጣራት ከብዶታል። በደም ሥሩ ብዙ ፈሳሽ እየሰጠነው ነው። አብዛኛው ሰው በዚህ ይድናል።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ይዤ ዋልኩ።

በማግስቱ ብሩክ ደወለ። «ታይለኖል ብለው የሚሰጡኝ ነገር ምንም አላረገልኝም። የኛን ላኪልኝ በናትሽ» አለኝ። ድምፁ የሱ አይመስልም። ቻርጀርና ቅያሪ ልብስ በፌስታል አድርጌ እንግዳ መቀበያው ላይ ሰጠሁለት። ሃያ ክኒን ካልሲ ውስጥ ጠቅልያለሁ። ክፉ ነገር እንዳልመሰለኝ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ባይመስለኝ ኖሮ ግን ካልሲ ውስጥ አልደብቀውም ነበር።

ክሪያቲኒን የሚሉት የኩላሊት ምርመራ ቁጥር መውረድ ሲገባው ወጣ። ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ደወለች። «በዚህ ሁሉ ፈሳሽ መሻሻል ነበረበት። ቤት ውስጥ የሚወስደው መድኃኒት አለ?»

«የለም» አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ልቤ አላርፍ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ዲክሎፌናክ የታመመ ኩላሊትን ይጎዳል ይላል። ወዲያው ለብሩክ ደውዬ «ጣለው» አልኩት። «እሺ» አለኝ።

ለሐኪሟ ግን አልደወልኩም። ፈራሁ። የዜግነት ቃለ መጠይቃችን ቀን ደርሶ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ክኒን በድብቅ አስገባች ብለው ቢከሱኝስ? ሁለት ቀን ዝም አልኩ። እሱም አልጣለውም፤ ሕመሙን አልቻለውም።

ከዚያ ሐኪሟ እንደገና ደወለች። «ሽንቱ ቆሟል። ደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባለው ጨው በጣም ወጥቷል፤ ልቡን ሊያቆመው ይችላል። ዛሬውኑ ዲያሊሲስ፣ የኩላሊት እጥበት፣ እንጀምራለን።»

 ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ካልሲውንም።

 «አሁኑኑ ሄጄ እወስድበታለሁ» አለች። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ስጠይቅዎት ግን ማወቅ ነበረብኝ።» የከሰሰኝ ሰው የለም። ፖሊስም አልመጣም። ያን ሁሉ የፈራሁት ባዶ ነበር።

አንገቱ ሥር ቱቦ እንደገባለት ቤት መጣ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ኩላሊት እጥበት እያመላለስኩት፣ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ባለው የማዕከሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን ጥላ ፈልጌ አቁሜ፣ እሱ ገርጥቶ እየተንገዳገደ እስኪወጣ አራት ሰዓት ያህል እጠብቅ ነበር። ፖታሲየም ይበዛባቸዋል ተብሎ ሙዝ፣ ብርቱካንና ድንች ተከለከለ፤ ሽሮው ራሱ በልክ ሆነ፤ ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ የሚንቀጠቀጠው ያ ዓለት የሚወጣው ሰውዬ መሆኑን ሳስብ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቅስ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ግማሽ ጠርሙስ ሽንት ሸና፤ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ይዤ እልል ስል ጎረቤቶቻችን ልጅ የወለድን መስሏቸዋል። ሁለት ወር ሊሞላው ሲል እጥበቱ ቆመ። ኩላሊቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ምን ያህሉን ጡንቻው፣ ምን ያህሉን የእኔ ክኒን እንደጎዳው ስጠይቅ፣ ሐኪሟ «መለየት አንችልም» አለችኝ። እሱን የሚለይልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ያቺን ሐኪም፣ ስሙን ያላወቅኩትን፣ ስልኩን የብሩክ ጆሮ ላይ ይዞ ከእኔ ጋር ያነጋግረው የነበረውን ነርስ፣ ሺፍቴን የሸፈኑልኝን የሥራ ጓደኞቼን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሽተኛ ለምታስታምሙ ደግሞ፦ ከከባድ ድካም በኋላ ሽንት ከጠቆረ አንድ ሰዓት አትጠብቁ። ቤታችሁ ያለውን ክኒን ሁሉ፣ ከአገር ቤት የመጣውንም፣ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። አንዴ ዋሽታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ መልሳችሁ ደውሉ። እኔ ሁለት ቀን ዘግይቻለሁ።

ብሩክ አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። በየሦስት ወሩ የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ግን ቁጥሩን አይነግረኝም። «ደህና ነው» ይልና ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። እሱ ሥራ ሲሄድ አውጥቼ አነበዋለሁ።