ሆድ ይፍጀው

በመካነ ሰላም ጫፍ፣ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ የሚያልፍ እንግዳ ሰው እትዬ ብርሀንነሽ ውሾቻቸውን ሲጠሩ ከሰማ የተሰደበ ይመስለዋል። «ምን አገባችሁ! ና ወዲህ!» ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ «ይብላኝላችሁ! የት ገባሽ?» ሰውየው ደንግጦ ዞር ሲል አንድ ባለ ሦስት እግር ውሻ እያነከሰ ይመጣል፤ ከኋላው ዓይኗ የጠፋ አሮጊት ውሻ ትከተላለች። ፊት ለፊት የማይባለውን በውሻ ስም መናገር የአገሩ ወግ ነው። እትዬ ብርሀንነሽ ደግሞ ለጎረቤት የሚመልሱት ብዙ ነው፤ «የካህን ልጅ ሆና ከውሻ ጋር!» ብሎ ያላማቸው የለማ።

ነገሩ የተጀመረው በልጅነታቸው ነው። አባታቸው የኔታ ወልደ ሚካኤል ዜማ ያስተምሩ ስለነበር ግቢው በቆሎ ተማሪ የተሞላ ነበር። የቆሎ ተማሪና ውሻ ደግሞ የጥንት ደመኞች ናቸው፤ ያኛው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም ይኼኛው ባት ይዘነጥላል። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ቂማቸውን ሊወጡ የአንዲት ውሻ እግር ሰበሩ። ትንሿ ብርሀንነሽ አንሥታ እንጨት ቤት ደበቀቻት። የኔታ ሲደርሱበት ልጃቸውን ገረፉ፤ ውሻዋን ግን አላስወጡም። ከዚያ ወዲህ ባል መጥቶ ሞቷል፣ ልጅ አድጎ ወጥቷል፤ ከግቢያቸው ውሻ ጠፍቶ አያውቅም። ሰው አገር ሲለቅ ዕቃውን ይጭናል፣ ላሙን ይሸጣል፣ ውሻውን ይተዋል። የተተወው ሁሉ መጨረሻው እሳቸው በር ላይ ነው።

ሆድ ይፍጀውን ግን ራሳቸው ሄደው ነው ያመጡት። ልጃቸው ከዐረብ አገር የተመለሰችላቸው ሰዎች ደሴ ቤት ገዝተው ሲሄዱ፣ ከተዘጋው ቤት ጓሮ በሽቦ እንደታሰረ ረሱት። ረሱት ይባላል፤ እንዴት እንደሚረሳ እግዜር ይወቅ። ጩኸቱን ሰምቶ የጠራቸው ጎረቤታቸው፣ ልኳንዳ ያለው አሕመድኑር ነው። ሲደርሱ ሽቦው የአንገቱን ሥጋ በልቶ ገብቷል። በጉጠት ሲያወጡለት አልነከሳቸውም፤ ዝም ብሎ ተንቀጠቀጠ። ለሄዱት ሰዎች የሚሉት አፋቸው ላይ ቀርቶባቸው ስሙን ሆድ ይፍጀው አሉት።

ከዚያ በኋላ ገመድ ካየ ይሸሻል። በር ከተዘጋበት የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል፤ አንድ ክረምት መስኮት ሰብሮ ወጥቷል። አጥርማ ለእሱ ምኑም አይደለም። ሰው አያስጠጋም። እትዬ ብርሀንነሽ ዓመት ሙሉ ለምነውት፣ አንድ ጠዋት ራሱ መጥቶ ጭንቅላቱን ጉልበታቸው ላይ አኖረ። ጠባሳውን እንዲነካ የፈቀደው ለእሳቸው እጅ ብቻ ነበር። ያን ጠዋት ከደስታቸው ብዛት እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ዘንድሮ ያበደ ውሻ ገበያ መሀል አንዲት ልጅ ነከሰ። ወላጅ ሁሉ ተሸበረ፤ ማን ይፈርድበታል? ብዙም ሳይቆይ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ሐሙስ የተመረዘ ሥጋ ይጣላል፤ ውሻ ያለው ይሰር፤ ያልታሰረ ቢሞት ጠያቂ የለውም።

ሌሎቹን ማሰር ቀላል ነበር። የቀረው እሱ ነው።

«እኔ ልሰረው» አለ አሕመድኑር። ውሻ እንዳይነካው ልብሱን ሰብስቦ አጥንቱን በአጥር ላይ የሚወረውር ሰው ነው። «ወላሂ እትዬ፣ አንቱን ከሚጠላ እኔን ይጥላኝ።»

«አያስጠጋህማ፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያ አጥግቡት፤ ሥጋውን አይነካም።»

«ረኀብ ያየ ውሻ መች ይጠግባል?»

ሐሙስ ማለዳ ነጠላቸውን ቀደው ገመድ አደረጉት፤ ለስላሳ ከሆነ ሽቦው ትዝ አይለው ይሆናል ብለው። ጠሩት። መጣ። እንደ ልማዱ ጭንቅላቱን ጉልበታቸው ላይ አኖረ። ጠባሳውን አከኩለት፤ ዓይኑን ጨፈነ። ያኔ ቋጠሩበት።

ቢነክሳቸው ይሻላቸው ነበር። አልነከሰም። ሽንቱ አመለጠው፤ ከዚያ ተኝቶ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ እሳቸውን ሲያይ ዋለ። እሳቸውም አጠገቡ መሬት ላይ ዋሉ። «ለነፍስህ ነው፣ ለነፍስህ ነው» ይሉታል። ውሻ ግን አዋጅ አይሰማም። ከአጥሩ ውጭ ሲያቃስቱ የነበሩት ውሾች አንድ ባንድ ዝም አሉ፤ ሬሳቸው በጋሪ ተነሣ። መንገዱ ሲጸዳ ፈቱት። ቀስ ብሎ ተነሥቶ ሄደ፤ ዞሮ አላያቸውም።

አሁንም እዚያው ግቢ ነው። ከአጥሩ ጥግ ተቀምጦ በሩቁ ያያቸዋል፤ ሲጠጉት ይነሣል። እሳቸው ውጭ ካሉ እህል አይቀምስም።

«አልሐምዱሊላህ በሉ እንጂ እትዬ፤ ተርፏል» አላቸው አሕመድኑር አንድ ቀን።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። የወሎ ሰው ናቸውና ማተባቸው አይከለክላቸውም። «ተርፏል።»

«አብሽሩ፤ አንድ ቀን ይመለሳል።»

ወደ ጥጉ አዩ። «ሆድ ይፍጀው» ብለው ጠሩት፤ ድሮ መንደሩ እንዲሰማ ይጮኹት የነበረውን ስም አሁን ቀስ ብለው። ጆሮው ተንቀሳቀሰ፤ እሱ ግን አልመጣም።

«ስሙን ያወጣሁት ለሰው ነበር» አሉ። «ለካ ለራሴ ኖሯል።»

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ እንዲበላ ብለው ገብተው በራቸውን ዘጉ።