አባቴ ለእናቴ የገዛው የብረት ምድጃ

ሰሞኑን ልጄ ሳንሱሲ ሰፈር ለሚሠራው ቤት በእንጨት የሚነድ ምድጃ ላስገባ ወይስ ይቅርብኝ እያለ ያማክረኛል። በስልኩ ፎቶውን አሳየኝ፤ ጥቁር ብረት፣ በሩ መስታወት፣ ቱቦው ጣሪያውን በስቶ የወጣ። "እማዬ፣ ምን ትያለሽ?" ሲለኝ ደሜ ፈላ። ምስኪን፣ እሱ ምን አደረገኝ! የራስህ ቤት ነው፣ ደስ ያለህን አድርግ ብዬው ተነሣሁ። በብረት ምድጃ ነገር ከሱ በፊት ያማከረኝ ሰው አለ፤ አባቴ ነው።

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ ማለት ነው፣ የምንኖረው ኮልፌ ነበር። አባቴ የጉራጌ አገር ሰው ነው፤ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃ ይነግዳል። ቤታችን የአገሩ ልጆች ማረፊያ ስለነበር እናቴ የምታበስለው ለኛ ብቻ አልነበረም። ሥራ ፈላጊው፣ ሱቅ ጠባቂው፣ ሊታከም የመጣው ሁሉ ከሷ እጅ ነበር የሚበላው። ማድ ቤታችን ጓሮ ያለች፣ መስኮት የሌላት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ክረምት ሲሆን ከአስኮ በኩል በአህያ የሚመጣው የባሕር ዛፍ እንጨት እርጥብ ነው፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ተንበርክኬ እሳቱን እፍ እላለሁ፤ ክፍል ስገባ ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን ትይዛለች።

ይሄ ግድ አልነበረኝም። የሚያስፈራኝ የእናቴ ዓይን ነበር። ጠዋት ጠዋት ተጣብቆ አልገለጥ ይላታል፤ በሞቀ ውኃና በጨርቅ የማላቅቅላት እኔ ነኝ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር "ከጭስ ራቂ፣ አለዚያ ዓይንሽ ይጠፋል" ብሎ ሰደዳት። ከጭስ ርቃ የት ትድረስ! በዚያው ቀን ተመልሳ ማድ ቤት ገባች።

አንድ ቀን አባቴ አንድ የብረት ምድጃ በጋሪ አስጭኖ መጣ። አገሩ ሊገባ ዕቃውን ከሸጠ ፈረንጅ ነው የገዛው። ባለ አራት እግር፣ በሩ የሚዘጋ፣ ረጅም የጭስ ቱቦ ያለው ነው። ሰፈሩ ለጉድ ወጥቶ አየው። አባቴ ሳሎን ላስገባው አለ፤ ቤቱን ያሞቃል፣ እንግዳም ያየዋል። እናቴ አሻፈረኝ አለች። ኮርኒሳችን አቡጀዲ፣ ግድግዳችን ጋዜጣ የተለጠፈበት፤ አንዲት ፍንጣሪ ብትነካው ልጆቼን ይዤ የት ልግባ አለች። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ደግሞ በላይ በላዩ ይጨምራሉ፤ "እሳት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት? ይፈነዳል እንጂ!" ምድጃው ጆንያ ለብሶ በረንዳ ላይ ከረመ፤ ዶሮ ይተኛበት ጀመር።

አባቴ ሲቸግረው እኔን ያዘ። እኔ ደግሞ የአባቴ ነገር አይሆንልኝም፤ ማታ ከሱቅ ሲመጣ ሮጬ አንገቱ ላይ የምጠመጠመው፣ ኪሱን የምበረብረው እኔ ነበርኩ። "እናትሽ አንቺን ትሰማለች" አለኝ። "ሳሎኑ ይቅር፣ ማድ ቤት አስገጥምላታለሁ። ጭሱ በቱቦው ይወጣል፣ ዓይኗ ይድናል በያት።" ዓይኗ ይድናል ካለኝ ወዲያ ምን እፈልጋለሁ! እናቴን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኋት። ጆንያውን ገልጬ፣ ጭሱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በጣቴ እያሳየሁ አስረዳኋት፤ ለኔ መቼ ገብቶኝ! እሷም እንዳመነችኝ እንጃ፣ ወይም ታክቷት ይሆናል፣ "በቃ፣ ማድ ቤት ከሆነ ይግባ" አለች። አባቴ ጉንጬን ሳመኝ።

እናቴ አንዴ ከቆረጠች ቆረጠች ነው። አባቴ መስከረም ሲጠባ አስገጥመዋለሁ ሲላት እሷ ማዘጋጀቱን ጀመረች። ቆርቆሮ ሠሪ አስጠርታ የማድ ቤቱን ጣሪያ ለቱቦው አስቀደደች። የጭቃ ምድጃዋን በመጥረቢያ ጀርባ ራሷ አፈረሰችው። ጉልቾቿን ለአንዲት አዲስ ሙሽራ ሰጠች። ጉልቻ መስጠት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ያኔ ሴት ጉልቻዋን የምትነቅለው ቤቷን ስትለቅ ነበር። እናቴ ግን እየሳቀች ነው የሰጠችው። "ከእንግዲህስ የኔም ዓይን ዓይን ሊሆን ነው" አለችኝ።

መስቀል ደረሰ። የጉራጌ ሰው ዓመቱን ሙሉ እዚህ ለፍቶ መስቀልን አገሩ ነው የሚውለው፤ ባዶ እጁንም አይሄድም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ የአባቴ መንደር ነጋዴ ለእናቱ የሽቦ አልጋ ወስዶ አገር ጉድ ብሎ ነበር፤ አባቴ ይህን ነገር ሲያነሣ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ ታናሼን ታጠባ ስለነበር እኛ አንሄድም ተባለ።

በሚሄድበት ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ትሬንታ ኳትሮው የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆሟል። ከቅቤው ከጨው ከአቡጀዲው በላይ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ የእናቴ ምድጃ ተቀምጧል። የጫኑት እነማን ይመስሏችኋል? እነዚያው ከእጇ ሲበሉ የከረሙት! እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። አባቴ ዓይናችንን አላየም። "እናቴ አርጅታለች፣ እሷንስ ማን ያይላታል? ለናንተ ለከርሞ ሌላ ይመጣል" አለ፤ እጄ ላይ ከረሜላ አስጨበጠኝና ተሳፈረ። ከረሜላውን ከመኪናው ኋላ ወረወርኩት። እንዳላየኝ አውቃለሁ፣ ግን ወረወርኩት።

ዞር ስል እናቴ ታየኛለች። "አንቺም ታውቂ ነበር?" አለችኝ። በማርያም፣ በሚካኤል፣ የማውቀውን መሐላ ሁሉ ማልኩላት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ገባች። በዚያን ዕለት በጣሪያው ቀዳዳ ዝናብ እየገባባት፣ እኔ ከወንዝ ለቅሜ ባመጣሁላት ሦስት ድንጋይ ላይ ምሳ ጣደች። ጉልቾቿን መልሱልኝ ብላ ሙሽራዪቱ ደጅ አልሄደችም።

በዓመቱ እኛም ለመስቀል አገር ቤት ወረድን። ምድጃው አያቴ ጎጆ ውስጥ እንደ ሙሽራ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ አናቱ ላይ የቅቤ እንስራ ተደርጎበት ተቀምጧል። አንድም ቀን እሳት አልገባበትም። አያቴን ጠየቅኋት፤ ሳቀች። "የሣር ቤት ጭስ ካላገኘ ብል ይበላዋል፤ ቱቦውንስ በሣሩ መሃል ባወጣው ከነነፍሴ ላቃጥለው ነው? ልጄ አመጣልኝ፣ ሰው አየልኝ፣ በቃኝ" አለች። አባቴ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? እዚያው ጎጆ ውስጥ ተወልዶ! እያወቀ ነው የወሰደው። ለከርሞ የተባለውም ሌላ ምድጃ ሳይመጣ ጃንሆይም ወረዱ፣ አባቴም ዐረፈ። ቀብሩ ላይ ብዙ አለቀስኩ፤ ግን አልማርኩትም ነበር።

አሁን እናቴ እኔው ጋ ናት። እኔ ቤት ጭስ የሚባል የለም፣ ጋዙን ለኩሼ እሠራለሁ፤ የሷ ዓይን ግን ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው የሚለየው። ልጄ ፎቶውን ባሳየኝ ማግስት ጸጉሯን እያበጠርኩላት ሳለ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"እማዬ፣ እኔ እኮ አላውቅም ነበር።"

ምኑን ብላ አልጠየቀችኝም። "እንዳላወቅሽማ ያኔውኑ አውቄያለሁ" አለች።

"ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?"

"እሱን በምን አፌ ልጠይቀው? አንቺን ጠየቅኋ።"

እጄ ጸጉሯ ውስጥ ቀረ። የዛሬ ልጆች ያስቀየማቸውን ሰው ፊት ለፊት ይነግሩታል፤ እኔ ብልግና ይመስለኝ ነበር። ይኸው እናቴ ለአባቴ መናገር ያቃታትን አንድ ጥያቄ እኔን አሸከመችኝ፣ እኔም እንዳላመነችኝ እያሰብኩ አረጀሁ። ጸጉሯን አበጥሬ ጨረስኩ፣ ሻሿን አሰርኩላት፣ ግንባሯንም ሳምኳት። ግን ተቀይሜያታለሁ።