አጣናው አይወርድም

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የደብራችን ንግሥ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። እንዳልረሳውም የሚያደርጉኝ ሰዎች አሉ። እስከ ዛሬ በሮቢት ገበያ ሳልፍ «ጀርመኗ መጣች» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን እናደድ ነበር። አሁን ዞር ብዬ «አቤት» እላቸዋለሁ።

ሰፈራችን ከሮቢት ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መሠረት የተጣለው እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሲሆን ዋናው ግንበኛ አባቴ ነበር። እሑድ እሑድ ሰው ሁሉ ከጎሊና ወንዝ አንድ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ ነበር ወደ ቅዳሴ የሚመጣው። ባዶ እጁን የሚገባ አልነበረም፤ ነፍሰ ጡሯ እንኳ ጠጠር ቢጤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመጣለች።

ግንቡ ከመስኮት በላይ ከፍ እንዳለ ጦርነቱ መጣ። ቀጥሎ ሲሚንቶ ጠፋ። ቀጥሎ ደግሞ አባቴን ባጃጅ ገጨውና እግሩ ተሰበረ። ሥራው በዚያው ቆመ። ታቦቱ ለጊዜው ተብሎ በቆርቆሮ በተሠራው መቃኞ ውስጥ ቀረ። ግንቡን ከብቦ የቀረው አባቴ በገመድና በሚስማር ያቆመው የአጣና መወጣጫ ብቻ ነው። አባቴ ደጃችን ላይ ዱካው ላይ ተቀምጦ በየቀኑ ያየዋል። «እሱ ከወረደ መልሶ የሚያቆመው የለም፤ ግንቡም እንዲሁ የፍየል መዋያ ሆኖ ይቀራል» ይል ነበር።

እኔ የታሪክ መምህርት ነኝ። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል። መጻሕፍቱ የት እንደገቡ የደረስኩበት ቆቦ ገበያ ኮረሪማ ስገዛ ነው። ሴትዮዋ የጠቀለለችበት ወረቀት ላይ የእኛው ማኅተም ነበረበት።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ኧረ እኔ በኪሎ ነው የገዛሁት፣ እህቴ! ከመጽሐፉ የቀረችኝም እሷ ናት» አለችኝ።

ወረቀቱ ላይ ያላለቀ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ተሥሏል። ግንቡ አናት ላይ አንድ የእንጨት ነገር ጎብጦ ቆሟል። ጽሑፉ ጀርመንኛ ስለሆነ ስልኬ ላይ እየጻፍኩ አስተረጎምኩት። ከተማዋ ኮሎኝ ትባላለች፤ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የነበረች ናት። ካቴድራላቸውን ጀምረው ገንዘቡም ልቡም አለቀባቸውና ሥራው ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆመ። ድንጋይ የሚያነሱበት የእንጨት ክሬን ግን አልወረደም። አራት መቶ ዓመት ገደማ እዚያው ግንቡ ላይ ቆሞ የከተማዋ መታወቂያ ሆነ። ካቴድራሉ ሲያልቅ ከተጀመረ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በኋላም በዓለም ጦርነት ከተማዋ በቦምብ ስትፈራርስ እሱ ቆስሎ ተረፈ። ያንን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።

በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ጋሽ አበጋዝ ምእመኑን ሰበሰበ።

«ለንግሡ ከአዲስ አበባም ከደሴም እንግዶች ይመጣሉ። ይሄ አጣና ግቢያችንን አሳፍሮታል። ማክሰኞ ይውረድና ለእንግዶቹ ዳስ ይሁን» አለ።

ሰው ሁሉ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እኔ እጄን አወጣሁ። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ የኮሎኝን ታሪክ ነገርኳቸው። እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ልባቸውን ላሸንፍ ብዬ «የሰብአ ሰገል አጽምም እዚያው በወርቅ ሣጥን ውስጥ አለ ይላሉ» አልኩ።

ቄሰ ገበዙ አባ ገብረ ማርያም መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ሰብአ ሰገልማ ለጌታ ሰግደው በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ነው የተመለሱት፣ ልጄ። ጀርመን ምን ሊሠሩ ይሄዳሉ?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ አበጋዝም ቀጠለ፦ «ለመሆኑ ጀርመንን አይተሻታል?»

«አላየሁም። እኔ ከአላማጣ ወዲያም ሄጄ አላውቅም።»

«ታዲያ በኮረሪማ መጠቅለያ ልትመሪን ነው?»

አጣናው እንዲወርድ ተወሰነ። በንዴት ጆሮዬ እየጋለ ቤት ገባሁ። የተባለውን ሁሉ ስነግረው አባቴ የጠየቀኝ ስለ ሰብአ ሰገል አልነበረም።

«ክሬኑ እንጨት ነው አልሽ? እንጨት አራት መቶ ዓመት ፀሐይና ዝናብ አይችልም። አልበሰበሰም?»

ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁ። እውነትም ክንዱ በስብሶ ወርዶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በአዲስ ክንድ ተክተውለታል።

«ግንባታውን መልሰው ሊጀምሩ ሲሉ ነዋ?»

«የለም አባዬ፣ ገና ሳይጀመር። ከዚያም በኋላ ሃያ ዓመት አልፎ ነው ሥራው የቀጠለው።»

«እነዚህ ሰዎች ግንበኞች ናቸው» አለና «ማክሰኞ ጠዋት ዱካዬን ያዥልኝ» ብሎኝ ፊቱን አዞረ።

ማክሰኞ የከሰዓት ፈረቃ ነበርኩ። አባቴ በምርኩዙ እያነከሰ፣ እኔ ዱካውን ይዤ ሄድንና መወጣጫው ሥር፣ ልክ መሐሉ ላይ ተቀመጠ። እኔም ጎኑ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሊነቅሉ የመጡት ሁለት ሠራተኞች አጣናው አናታችን ላይ እንዳይወርድ ፈርተው መዶሻቸውን እንደያዙ ቆሙ። ጋሽ አበጋዝ ተጠርቶ መጣ።

«ኧረ አያ ሞላ፣ ይነሱ እንጂ! ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቃ! ያፈርክበትን አጣና ያቆምኩት እኔ ነኝ። ከፈለግህ ከነእኔ ንቀለው» አለው አባቴ።

በዚህ መሐል ቄሰ ገበዙ ከመቃኞው ወጡ። አዩንና በግቢው በር ወጥተው ሄዱ። ሚሊሻ ሊጠሩብን መሰለኝ። ሲመለሱ ግን እኒያ ሽማግሌ ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። ቁና ቁና እየተነፈሱ አባቴ እግር ሥር አስቀመጡት።

«ዳስ ካስፈለገ ከየቤታችን አጣና እናምጣ። ይሄ ሥራ ላይ ነው» አሉ።

ጋሽ አበጋዝ ትንሽ አጉረመረመና ሠራተኞቹን ይዞ ሄደ።

የንግሡ ዕለት ዳሱ የተሠራው ከየቤቱ በመጣ አጣና ነበር። እውነት ለመናገር ረጅሙን ያመጣው ጋሽ አበጋዝ ነው። እንግዶቹ ስለ መወጣጫው ሲጠይቁ ቄሰ ገበዙ ራሳቸው የኮሎኝን ታሪክ እዚያው ኖረው እንደመጡ ሰው አወሩላቸው። አራት መቶው ዓመት ሰባት መቶ ሆነ። በሰብአ ሰገል ነገር ግን ንቅንቅ አላሉም።

ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም አላለቀም። ሲሚንቶም አልቀመስ እንዳለ ነው። የእሑዱ ድንጋይ ግን ተመልሶ ክምሩ ከሰው ቁመት አልፏል። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ የበሰበሰውን ገመድ የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ በቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ፣ አባቴ ከታች «ቋጠሮው እንደሱ አይደለም!» እያለ እየጮኸብኝ። ሴት ልጅ ግንብ ላይ ወጣች ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ሰምቻቸዋለሁ፤ አልወረድኩም።

ሲያልቅ አባቴ ላያየው ይችላል። እኔም ላላየው እችላለሁ። ይህን ሳስብ ይከፋኛል፤ አላፍርም ግን። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?» ሲለኝ መልሴ አንድ ነው፦ «አንተ ድንጋይህን መቼ ነው የምታመጣው?»